አንድ የሕግ መጽሐፍ፣ ሠላሳ አንድ ፊሽካ፦ የአሜሪካ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ዳኝነት ለምን ወጥ አልሆነም

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 ቀን 2019 ምሽት፣ በሚኒያፖሊስ ከተማ፣ ከ72 ሺህ በላይ ተመልካች በተገኘበት የኮሌጆች ብሔራዊ ሻምፒዮና ግማሽ ፍጻሜ፣ ኦበርን ዩኒቨርሲቲ ቨርጂኒያን 62 ለ 60 እየመራ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሰከንዶች ቀርተውት ነበር። የቨርጂኒያው ታይ ጀሮም ኳሷን እያነጠረ ወደ ፊት ሲገሰግስ ኳሷ ተረከዙን ነክታ ከቁጥጥሩ ወጣች፤ በሁለት እጁ ያዛትና እንደገና ማንጠር ጀመረ። በትምህርት ቤት ሜዳ አንድ ቀን እንኳ የተጫወተ ልጅ ይህ እንደማይፈቀድ ያውቃል፤ አንጥሮ በሁለት እጁ የያዘ ሰው ያቀብላል ወይም ይወረውራል እንጂ ዳግመኛ አያነጥርም። ፊሽካ ግን አልተሰማም። ወዲያው ኦበርን ሆን ብሎ ጥፋት ሠርቶ ጨዋታውን አስቆመ፤ ከመስመር ውጭ የተጣለችውን ኳስ ካይል ጋይ በማዕዘኑ በኩል ተቀብሎ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ወረወራት፤ አልገባችም። የኦበርን ደጋፊዎች ለፍጻሜ አለፍን ብለው ሲዘሉ አንደኛው ዳኛ እጁን አንሥቶ ነበር፤ ሰዓቱ 0.6 ሰከንድ ያሳያል። ተከላካዩ ሳሚር ዳውቲ ወርዋሪው ከአየር ወርዶ የሚያርፍበትን ቦታ ወስዶበታል ተባለ። ጋይ ሦስቱንም ነፃ ውርወራዎች አስገባ፤ ቨርጂኒያ 63 ለ 62 አሸንፎ ከሁለት ቀን በኋላ ቴክሳስ ቴክን በተጨማሪ ሰዓት 85 ለ 77 በመርታት ዋንጫውን ወሰደ።

በሕጉ ከሄድን የመጨረሻው ፊሽካ ትክክል ነበር፤ አየር ላይ ያለ ወርዋሪ ማረፊያው ሊነጠቅ አይገባም። ቀድሞ የነበረው ዝምታ ግን ስህተት ነበር። ሦስት ሰዎች በፍጥነት የሚሮጡ አሥር ተጫዋቾችን ሲከታተሉ አንድ ነገር ቢያመልጣቸው አይደንቅም። የሚያከራክረው እነዚያው ሰዎች ሁሉም ያየውን ግልጽ የሕግ ጥሰት ሳይቀጡ ቀርተው፣ በመጨረሻ ሰከንድ ላይ ሲሆን ብዙውን ጊዜ የሚታለፈውን ዓይነት ንክኪ ደግሞ በጥቂት ሰከንዶች ልዩነት መቅጣታቸው ነው። አንድ የኦበርን ደጋፊ «ያን ያላየ ዓይን ይሄን እንዴት አየ?» ቢል አይፈረድበትም።

በየዓመቱ በማርች የሚጀመረው ብሔራዊ ውድድር ሲደርስ የዚህ ዓይነት ጥያቄ ከስፖርት አፍቃሪው አልፎ በየቢሮው አሸናፊዎችን እየገመተ የውድድር ሰንጠረዥ የሚሞላው ሰው ሁሉ መነጋገሪያ ይሆናል፤ በዋሽንግተንና አካባቢዋም ሆነ በሚኒሶታ የሚኖር የአገራችን ሰው በዚያ ወር ከዚህ ወሬ አያመልጥም። ክርክሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው አድልዎ ላይ ነው፤ ዳኛው ለትልቁ ዩኒቨርሲቲ አዳላ፣ ለታዋቂው አሠልጣኝ ሸብረክ አለ፣ ገንዘብ በላ። እንዲህ ያለው ክስ በአብዛኛው ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። እውነተኛው ችግር ከዚህ ይልቅ አሰልቺም፣ ለማስተካከልም የሚከብድ ነው፤ ዳኝነቱ ከሊግ ሊግ፣ ከኖቬምበር እስከ ማርች፣ አልፎም በአንዱ ጨዋታ ውስጥ ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ መጨረሻው ይለያያል። ይህም የሚመነጨው ከአንድ ዳኛ ሕሊና ሳይሆን ዳኛው ከሚቀጠርበትና ከሚመዘንበት ሥርዓት ነው።

ብዙ ተመልካች ሕጉን የሚጽፈውና ዳኛውን የሚቀጥረው አንድ አካል ይመስለዋል፤ አይደለም። ሕጉን የሚያወጣው ብሔራዊው የኮሌጅ አትሌቲክስ ማኅበር ኤንሲኤኤ ነው። ዳኞቹን በመደበኛው የውድድር ዘመን የሚመድቡትና የሚከፍሏቸው ግን ኮንፈረንስ የሚባሉት ሊጎች ናቸው። በአንደኛው ዲቪዚዮን በወንዶች በኩል ከ360 በላይ ቡድኖች በ31 ኮንፈረንሶች ተከፋፍለው ይጫወታሉ፤ እያንዳንዱ ኮንፈረንስ፣ አንዳንዴም ተጣምረው የሚሠሩ ጥቂት ኮንፈረንሶች፣ የራሳቸው የዳኞች አስተባባሪ አላቸው። ኤንሲኤኤ ብሔራዊ አስተባባሪ ቢኖረውም ሥልጣኑ መመሪያ ማስተላለፍ፣ የማስተማሪያ ቪዲዮ መላክና ለማርቹ ውድድር ዳኞችን መምረጥ ላይ ያተኮረ ነው፤ በጃንዋሪ ማክሰኞ ማታ የሚካሄደውን ጨዋታ ማን እንደሚዳኝ የሚወስነው እሱ አይደለም።

ዳኞቹም የማንም ቋሚ ሠራተኞች አይደሉም። በጨዋታ ሂሳብ የሚከፈላቸው የግል ተቋራጮች ናቸው፤ ብዙዎቹ ቀን ላይ ሌላ ሥራ አላቸው። በጣም የሚፈለጉት በአንድ የውድድር ዘመን ከ80 በላይ ጨዋታዎችን ይዳኛሉ፤ ውድድሩ አምስት ወር ያህል ብቻ መሆኑን ስናስብ አንድ ሰው ሰኞ በአንድ ከተማ፣ ማክሰኞ በሌላ፣ ረቡዕ በሦስተኛ ከተማ ፊሽካ ይነፋል ማለት ነው፤ በመካከሉ የተሰረዘ በረራ፣ በረዶ የዘጋው መንገድ፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት የተደረሰበት ሆቴል አለ። የሙያተኞቹ ሊግ ኤንቢኤ 30 ቡድኖች፣ በመደበኛው ዘመን 1,230 ጨዋታዎችና ሥራቸው ይኸው ብቻ የሆነ ቅጥር ዳኞች አሉት። የኮሌጁ አንደኛ ዲቪዚዮን በወንዶች ብቻ ከ5 ሺህ በላይ ጨዋታዎችን በውል ሠራተኛ ይሸፍናል።

ተቋራጭ ደግሞ የሚመለከተው ሥራ የሚሰጠውን ሰው ነው። አንዱ አስተባባሪ በቅርጫቱ ሥር የሚደረገውን መገፋፋት «ልጆቹ ይጫወቱ» ብሎ የሚያሳልፍ ሲሆን ሌላው በመመሪያው ፊደል የሚሄድ ነው፤ ሁለቱም ጋር የሚሠራው ዳኛ እንደ ሳምንቱ ቀን ፊሽካውን ማስተካከል ይማራል። ባንድ ራስ ሁለት ምላስ ይሏል ይህ ነው፤ ሰውዬው ግን ሁለት ምላስ ያወጣው ሁለት ጌታ ስላለው ነው። ውጤቱም በየሊጉ ጎልቶ የሚታይ የራስ ዘይቤ መፈጠሩ ነው። በአንዱ ሊግ ትከሻ ለትከሻ መጋፋትን እንደ ዕለት ምግብ የለመደ ቡድን ማርች ላይ ከሌላ ሊግ ከመጣ ቡድን ጋር ይገናኝና ጨዋታውን ከተለያዩ ሊጎች ተውጣጥተው የተመደቡ፣ ምናልባትም አብረው ሠርተው የማያውቁ ሦስት ሰዎች ይመሩታል። በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ሁለቱም ቡድኖች ዛሬ የትኛው ሕግ እንደሚሠራ በሙከራ ማወቅ ይኖርባቸዋል፤ ሙከራው ደግሞ በፋውል ይከፈላል።

አስተባባሪው በዳኛው እንጀራ ላይ ያለው ሥልጣን ምን ያህል እንደሆነ ያሳየው የ2013ቱ የፓክ-12 ኮንፈረንስ ቅሌት ነው። የዳኞቹ ኃላፊ ከዳኞች ጋር በተደረገ ስብሰባ ላይ የአሪዞናውን አሠልጣኝ ሾን ሚለርን በቴክኒካል ፋውል (በሥነ ምግባር ጥፋት በሚሰጥ ቅጣት) ለሚቀጣ ወይም ከሜዳ ለሚያስወጣ 5,000 ዶላር ወይም የካንኩን የዕረፍት ጉዞ እንደሚሰጥ ተናግሮ ነበር። ብዙም ሳይቆይ፣ በኮንፈረንሱ ግማሽ ፍጻሜ፣ ሚለር በውድድር ዘመኑ የመጀመሪያ የሆነው ቴክኒካል ተሰጠው፤ አሪዞና በዩሲኤልኤ 66 ለ 64 ተሸነፈ። ኮንፈረንሱ አጣርቶ ነገሩ ቀልድ ነበር አለ፤ ኃላፊው ግን በኤፕሪል ወር ሥራውን ለቀቀ። ቀልድ መሆኑን ልመን። የቀጣዩን ወር ምድብ የሚሰጠው ሰው ሲቀልድ ግን ከሥሩ ያሉት ቀልዱን እንዴት እንደሚሰሙት መገመት አያዳግትም።

ሁለተኛው ምክንያት ሕጉ ራሱ አለመርጋቱ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በ2012–13 የውድድር ዘመን አንድ ቡድን በጨዋታ የሚያስቆጥረው አማካይ ነጥብ ወደ 67.5 ወርዶ ከሠላሳ ዓመት ወዲህ ዝቅተኛው ሆኖ ነበር። ጨዋታው ትግል መሰለ ተባለ። በቀጣዩ ዓመት ኤንሲኤኤ ለተከላካዮች አራት ክልከላዎችን በግልጽ አስቀመጠ፤ ኳስ በያዘው ተጫዋች ላይ እጅን ወይም ክንድን አስደግፎ ማቆየት፣ ሁለት እጅ ማሳረፍ፣ ደጋግሞ በእጅ መጎሰምና ክንድን እንደ መቀርቀሪያ መደቀን ያለ ማመንታት ፋውል እንዲሆን አዘዘ። በኖቬምበር ፊሽካው በዛ፤ አሠልጣኞች ጮኹ፤ ነፃ ውርወራ የሰለቸው ተመልካች አጉረመረመ። አማካዩ ነጥብ ወደ 71 ከፍ አለ። ከዚያ ፊሽካው ቀስ በቀስ ላላ፤ በ2014–15 ነጥቡ ተመልሶ ወደነበረበት ወረደ። በ2015 የማጥቂያው ሰዓት (ኳስ የያዘው ቡድን ወደ ቅርጫት መወርወር ያለበት ጊዜ) ከ35 ወደ 30 ሰከንድ እንዲያጥር ተደረገና ዘመቻው እንደገና ተጀመረ። መመሪያው ሳይሻር ሥራ ላይ የሚውልበት መጠን ብቻ ከፍና ዝቅ ማለቱ፣ ዳኛው ደንቡን ሳይሆን የወቅቱን ስሜት እንዲከተል ያደርገዋል።

አንድ ጊዜ በምኖርበት በሰሜን ቨርጂኒያ አካባቢ ከእህቴ ልጅ ጋር የአንድ ኮሌጅ ጨዋታ ለማየት ገብቼ ከተጠባባቂዎቹ ወንበር ጀርባ ተቀምጠን ነበር። ኖቬምበር ነበር፤ የውድድር ዘመኑ ገና መጀመሩ ነው። የእንግዳው ቡድን አንድ ቀጭን ተከላካይ ግራ መዳፉን በተጋጣሚው ወገብ ላይ ያሳርፋል፤ አይገፋም፣ አይጎትትም፣ መዳፉን ብቻ እንደ መሪ አስቀምጦ አብሮት ይንሸራተታል። በመጀመሪያው ግማሽ ሦስት ጊዜ ተነፋበት። አሠልጣኙ አስቀመጠው። በሁለተኛው ግማሽ ተመልሶ ሲገባ እጆቹን እንደ ተማረከ ሰው ወደ ላይ ከፍቶ ይከላከል ጀመር፤ ያ ሰው በአጠገቡ እየሾለከ ሁለት ጊዜ አስቆጠረበት። ውጤቱ ጠብቦ አራት ደቂቃ ያህል ሲቀር በወዲያኛው ጫፍ ያለው ባላጋራው ያንኑ መዳፍ በእሱ ቡድን አቀባይ ወገብ ላይ አሳርፎ ተመለከትን፤ ዳኛው ሁለት ሜትር ላይ ቆሞ ያየዋል፤ አልነፋም። የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ቅድም ይሄ ፋውል አልነበረም እንዴ?» አለኝ። ነበር። ቀጭኑ ተከላካይም ነገሩ ገብቶት ኖሮ በሚቀጥለው መከላከል መዳፉን ወደ ወገቡ መለሰ፤ ያን ጊዜም ማንም አልነፋበትም። በሦስት ፋውል የተማረው ትምህርት በዚያች ደቂቃ ዋጋ አጣ።

ከሁሉም በላይ የሚያጨቃጭቀው ግን በእንግሊዝኛው ብሎክና ቻርጅ የሚባለው ግጭት ነው። አጥቂው ወደ ቅርጫቱ ሲበር ተከላካዩ መንገዱ ላይ ይቆማል፤ ደረት ለደረት ይጋጫሉ፤ ሁለቱም ይወድቃሉ። ተከላካዩ ቀድሞ ቦታውን ይዞ ከሆነ ጥፋቱ የአጥቂው ነው (ቻርጅ)፤ ዘግይቶ ከሆነ የተከላካዩ (ብሎክ)። «ቀድሞ» የሚለው ቃል ግን ከምን ቀድሞ? በዚህ ላይ ሕጉ ሦስት ጊዜ ያህል ወዲያና ወዲህ ብሏል። በ2013–14 ተከላካዩ አጥቂው ለመወርወር ወደ ላይ መንቀሳቀስ ከመጀመሩ በፊት መቆም አለበት ተባለ፤ ዳኞች ስለተምታቱበት በዓመቱ ወደ ቀድሞው መለኪያ፣ ማለትም አጥቂው መሬት ከመልቀቁ በፊት ወደሚለው ተመለሰ። በ2023–24 ደግሞ አጥቂው ለመዝለል የመጨረሻ እግሩን መሬት ላይ ሲተክል ተከላካዩ ቦታው ላይ መገኘት አለበት ተባለ። በዚህ ላይ ከቅርጫቱ ሥር ያለው የግማሽ ክብ መስመር አለ፤ ለእርዳታ የሚመጣ ሁለተኛ ተከላካይ በዚያ ውስጥ ቆሞ ቻርጅ ማግኘት አይችልም። መስመሩ በ2011 ሲገባ 3 ጫማ ነበር፤ በ2015 ወደ 4 ጫማ ሰፋ።

እንግዲህ ዳኛውን አስቡት። በአንዲት ቅጽበት ውስጥ የአጥቂውን የተተከለ እግር፣ የተከላካዩን ደረት፣ የተከላካዩን ተረከዝ ከመስመሩ አንጻር፣ በመጨረሻም ተከላካዩ ሳይነካ የወደቀ አስመሳይ መሆን አለመሆኑን ማየት አለበት፤ ሁለት ዓይን ይህን ሁሉ አንድ ላይ አያይም። ስለዚህ ዳኛው ከልምዱ ይገምታል። አንድ የሥራ ዘመን ሙሉ በቀድሞው መለኪያ የገመተ ሰው አዲስ መመሪያ ስላነበበ ብቻ ግምቱ በአንድ የበጋ ዕረፍት አይለወጥም፤ ወጣቱ ባልደረባው ግን የሚያውቀው አዲሱን ነው። ስለዚህ በአንድ ሜዳ ላይ፣ በአንድ ምሽት፣ አንድ ዓይነት ግጭት በሁለት ጫፍ ሁለት ፍርድ ሲያገኝ ሁለቱም ዳኞች በቅን ልቦና የሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ።

የፊሽካው ዋጋ ደግሞ እኩል አይደለም። የኮሌጅ ተጫዋች በአምስት ፋውል ይወጣል፤ በኤንቢኤ ስድስት ነው። በነገራችን ላይ 40 ደቂቃ ለአምስት፣ 48 ደቂቃ ለስድስት ሲካፈል ሁለቱም ስምንት ደቂቃ ለአንድ ፋውል ይመጣሉ፤ በወረቀት ላይ ልዩነት የለም። ልዩነቱ በአሠልጣኞች ፍርሃት ነው፤ አብዛኛው የኮሌጅ አሠልጣኝ በመጀመሪያው ግማሽ ሁለት ፋውል ያገኘ ተጫዋቹን እስከ ዕረፍት ያስቀምጠዋል። በሦስተኛው ደቂቃ የተነፋች አንዲት አጠራጣሪ ፊሽካ ኮከቡን አሥርና ከዚያ በላይ ደቂቃ ታስቀምጠዋለች ማለት ነው። በወንዶቹ ጨዋታ በአንድ ግማሽ የቡድኑ ፋውል ሰባት ሲደርስ ነፃ ውርወራ ይጀመራል፤ አሥር ሲደርስ ሁለት ሁለት ይሆናል። ጥብቅ ፊሽካ የሰለጠነ ቡድን እንኳ ጨዋታውን በነፃ ውርወራ መስመር ላይ እንዲጨርስ ያስገድደዋል። በ2017 ሰሜን ካሮላይና ጎንዛጋን 71 ለ 65 ባሸነፈበት ፍጻሜ 44 ፋውሎች ተነፍተው እያንዳንዱ ቡድን 26 ነፃ ውርወራ ወስዷል። በቁጥር እኩልነቱ አያስወቅስም፤ ሆኖም ሁለቱ ምርጥ ቡድኖች በዓመቱ ትልቁ ምሽት ላይ በነፃ ውርወራ መስመር ተራ በተራ ሲቆሙ ያየ ሰው እኩልነትና መልካም ዳኝነት አንድ እንዳልሆኑ ይረዳል።

ለዚህ ጥናታዊ ማስረጃም አለ። አንደርሰንና ፒርስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከ2004–05 የውድድር ዘመን 365 የኮሌጅ ጨዋታዎችን መርምረው በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ የአንዱ ቡድን ፋውል ከተጋጣሚው በበለጠ ቁጥር ቀጣዩ ፊሽካ በተጋጣሚው ላይ የመነፋት ዕድሉ እንደሚጨምር፣ ባለሜዳውም ቡድን ተጠቃሚ እንደሚሆን አሳይተዋል። ዳኛው ሳያውቀው ሚዛን ያስተካክላል። ማንም ወገን ተበደልኩ እንዳይል የሚደረገው ይህ ማካካሻ ግን ትክክለኛውን የሚጎዳ፣ ደጋግሞ የሚያጠፋውን የሚጠቅም ነው፤ ይህን ያወቀ ቡድን ከመጀመሪያው ደቂቃ በኃይል ይጫወትና «ሁሉንም ሊነፉት አይችሉም» ይላል። ይህ ስሌት እንደሚሠራ ከየዓመቱ የማርች ጨዋታዎች የተመለከትኩ ይመስለኛል።

ወደ ጨዋታው ፍጻሜ ስንደርስ ደግሞ ሌላ ሕግ ይመጣል። ተመልካቹም አሠልጣኙም «ዳኛው ጨዋታውን አይወስን» ይላሉ፤ ያልተነፋ ፋውልም ውሳኔ መሆኑ ይዘነጋል። በ2011 ቢግ ኢስት በተባለው ኮንፈረንስ ውድድር የሴንት ጆንስ ተጫዋች ሰዓቱ 1.7 ሰከንድ ሲቀረው ኳስ ይዞ ከመስመር ወጥቶ ኳሷን ወደ ተመልካቹ ወረወራት፤ ሦስቱም ዳኞች ሳይነፉ ሜዳውን ለቀው ሄዱ፤ ሩትገርስ 65 ለ 63 ተሸነፈ። ዳኞቹ ከቀሪው ውድድር ራሳቸውን አገለሉ፤ ውጤቱ ግን አልተለወጠም። በተቃራኒው በ2024 የሴቶች ግማሽ ፍጻሜ ዩኮን (የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ) በአይዋ በአንድ ነጥብ እየተመራ 3.9 ሰከንድ ሲቀር በዩኮኗ አሊያ ኤድዋርድስ ላይ በእንቅስቃሴ ላይ ሆና ስክሪን በማድረግ (የተከላካይን መንገድ በሰውነት በመዝጋት) ፋውል ተነፋ፤ አይዋ 71 ለ 69 አለፈ። ስክሪን የሚያደርግ ሰው ከቆመበት መንቀሳቀስ እንደሌለበት መጽሐፉ ይናገራል፤ ፊሽካውን በመጽሐፉ መከላከል ይቻላል። ሆኖም እንዲህ ያለ ስክሪን በእያንዳንዱ ጨዋታ ደጋግሞ በዝምታ ሲታለፍ የኖረ ሰው፣ በዚያች ሰከንድ ሕጉ ከየት ተነሥቶ መጣ ቢል መልስ የሚሰጠው የለም።

መልስ የሚሰጥ አለመኖሩ ራሱን የቻለ ችግር ነው። ኤንቢኤ ከ2015 ጀምሮ መጨረሻቸው ላይ የነጥብ ልዩነቱ በጠበበባቸው ጨዋታዎች የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ የተነፉትንም ያልተነፉትንም ፊሽካዎች መርምሮ በማግሥቱ ትክክልና ስህተታቸውን ለሕዝብ ያወጣል። በኮሌጁ በኩል አስተባባሪው ለዳኛው ማስታወሻ ይልካል፣ አንዳንዴ ለአሠልጣኙ ስልክ ይደውላል፤ ቀሪው ሆድ ይፍጀው ነው። ኤንሲኤኤ ስህተቱን ወዲያው በይፋ ያመነባቸው ጊዜያት ጥቂት ናቸው። አንዱ በ2017 ነው፤ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብሔራዊው ውድድር የበቃው ኖርዝዌስተርን በ22 ነጥብ ከመመራት ተነሥቶ ጎንዛጋን ወደ አምስት ነጥብ ልዩነት በተጠጋበት ሰዓት የጎንዛጋ ተከላካይ እጁን ከቅርጫቱ ሥር በቀለበቱ ውስጥ አሳልፎ ኳሷን ከለከለ። ሕገ ወጥ ነው፤ አልተነፋም። አሠልጣኙ ክሪስ ኮሊንስ በንዴት ወደ ሜዳ ሮጠና ቴክኒካል ተሰጠው፤ ጎንዛጋ ሁለት ነፃ ውርወራ አገኘ። ኖርዝዌስተርን አራት ነጥብ አጣ ማለት ይቻላል፤ ኤንሲኤኤ ስህተቱን ያመነው ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነበር።

ዝምታው ቀድሞም ቢሆን አይጠቅምም ነበር፤ አሁን ግን አደገኛ ሆኗል። በሜይ 2018 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የስፖርት ውርርድን የሚያግደውን የፌዴራል ሕግ ከሻረ ወዲህ ከ30 በላይ ክፍለ ግዛቶች ውርርድ ፈቅደዋል። አንዲት ፊሽካ የብዙ ሰዎችን ኪስ ትነካለች፤ ዳኛው ደግሞ ጠባቂ የለውም። ከዚያም በፊት በ2017 ኬንታኪ ከውድድሩ ከተሰናበተበት ጨዋታ በኋላ ደጋፊዎች በኔብራስካ የሚኖር የአንዱን ዳኛ የጣሪያ ሥራ ድርጅት በሐሰት ቅሬታና በዛቻ ስልክ አጥለቅልቀውት ነበር። ሰውዬው ክስ መሥርቶ ነበር፤ ውድቅ ሆነበት። ስህተቱና ትክክሉ ሳይለይ፣ ማብራሪያ ሳይሰጥ ሲቀር ክፍተቱን የሚሞላው ጥርጣሬ ነው።

ስለ ገንዘብ ካነሣን አይቀር፣ እጥረት ምክንያት ሊሆን አይችልም። ለወንዶቹ የማርች ውድድር የቴሌቪዥን መብት የስምንት ዓመቱ ማራዘሚያ እስከ 2032 ድረስ 8.8 ቢሊዮን ዶላር ነው። አንድ ቡድን በውድድሩ ከፍጻሜው በስተቀር የሚጫወተው እያንዳንዱ ጨዋታ ለኮንፈረንሱ በስድስት ዓመት የሚከፈል፣ በድምሩ ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ድርሻ ያስገኛል። ተጫዋቾችም አሁን በስማቸውና በምስላቸው፣ ከ2025ቱ የፍርድ ቤት ስምምነት ወዲህም በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው ይከፈላቸዋል። በዚህ ሁሉ መካከል እንደ ድሮው በጨዋታ ሂሳብ የሚከፈለው ዳኛው ነው። ለታላላቆቹ ሊጎች የሚሠሩ አንድ መቶ ያህል ዳኞችን በብሔራዊ ደረጃ ቀጥሮ፣ የጨዋታቸውን ቁጥር ገድቦ፣ በአንድ አስተባባሪ ሥር መገምገም ከዚህ ገንዘብ አንጻር ብዙ አይደለም። እንቅፋቱ ሥልጣን ነው፤ ዳኛ የመመደብን መብት በፈቃዱ ለማዕከል የሚያስረክብ ኮንፈረንስ እስካሁን አልታየም፤ እኔም በቅርቡ ይታያል ብዬ አልጠብቅም።

በዚህ ምትክ የተመረጠው መንገድ ቴክኖሎጂ ነው። ከ2025–26 የውድድር ዘመን ጀምሮ የወንዶች ቡድን አሠልጣኝ የዕረፍት ጊዜ እስካለው ድረስ ውሳኔን በቪዲዮ እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል፤ ትክክል ሆኖ ከተገኘ አንድ ተጨማሪ ዕድል ያገኛል። መጠየቅ የሚችለው ግን በሦስት ነገሮች ላይ ብቻ ነው፤ ኳስ በማን ከመስመር እንደወጣች፣ ወደ ቅርጫት የምትወርድ ኳስ በሕገ ወጥ መንገድ መከልከሏን፣ ሁለተኛው ተከላካይ በግማሽ ክቡ ውስጥ መቆም አለመቆሙን። የኖርዝዌስተርኑ ዓይነት በደል ዛሬ ቢፈጸም ምናልባት ሊታረም ይችል ይሆናል፤ ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። በእግር ኳሱ ቫር ሲገባ ያየን ሰዎች ግን የምናውቀው ነገር አለ፤ ካሜራ የሚለካውን ይለካል፣ የሚመዘነውን አይመዝንም።

በጎን መስመር አጠገብ የሚሆነውን እንመልከት። አጥቂው ኳስ ይዞ ሲታጠፍ ተከላካዩ የእጁን አንጓ ይመታዋል፤ ኳሷ ከጣቱ ጫፍ አምልጣ ትወጣለች። ዳኛው ለአጥቂው ይሰጣል፤ የተጋጣሚው አሠልጣኝ ምስሉ እንዲታይ ይጠይቃል። ሦስቱ ዳኞች ወደ ጠረጴዛው ሄደው ጆሮ ማዳመጫ አድርገው ምስሉን በዝግታ ደጋግመው ያያሉ፤ ኳሷ መጨረሻ የነካችው በርግጥም የአጥቂውን ጣት ነው፤ ከጣቷ በፊት ያለው ምትም እዚያው ስክሪን ላይ፣ ከጣቷ የበለጠ ጎልቶ ይታያል። የአጥቂው አሠልጣኝ ከመስመሩ ላይ አንጓውን በሌላ እጁ እየመታ ያሳያል። ፋውል መሆን አለመሆኑን ግን ለመጠየቅ የሚያስችለው አንቀጽ የለም።